ዱባው ላይ የተቀሰሩ ጣቶች

ባለፈው ክረምት መጨረሻ ለዘመድ ለቅሶ አርብ ገበያ የምትባለው ከተማ ሄጄ ነበር። ያረፍኩበት ቤት ጓሮው በዱባ ሐረግ የተሸፈነ ነው። ሲዘንብ ስላደረ፣ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ የርጥብ ዱባ ቅጠል ሽታ ተቀበለኝ። ይህን ሽታ ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደማስረዳው አላውቅም፤ ጎምዘዝ ያለ፣ እጅ ላይ የሚቀር፣ በሳሙና እንኳ ቶሎ የማይለቅ ሽታ ነው። የቤቱ ባለቤት ልጅ ልታስታጥበኝ አብራኝ ወጥታ ነበርና «እዚያ ጋ አንድ ትልቅ አለ፤ አዩት?» ብላ በጣቷ አሳየችኝ። እኔ ልጆች ያሳደግሁ፣ መነጽር ያደረግሁ ሴትዮ፣ ሳላስበው እጇን ይዤ ዝቅ አደረግኩት። ልጅቷ ደነገጠች፤ እኔም አፈርኩ። ቀጥሎ ሳቄ መጣ። ምክንያቱን ልነግራት ብጀምር ቁርሱ ይቀዘቅዝ ነበርና ተውኩት። ለእናንተ ግን ጊዜ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል የገባሁበት ዓመት። በኛ ቀበሌ የነበረው ትምህርት ቤት ከሁለተኛ ክፍል አያልፍም፤ ከዚያ በላይ መማር የፈለገ አርብ ገበያ መሄድ ነበረበት። አባቴ ነገሩ ብዙም አልጣመውም። ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም፤ እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ከእኔ በታች ያሉት ሁለቱም ገና ለሥራ አልደረሱም። አርብ ገበያ ግን ታላቅ እኅቱ አለችው። ስሟን የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ አባቴም፣ ጎረቤቱም፣ የቀበሌው ሊቀመንበርም «እታለም» ነው የሚሏት። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ቀጭንና ፈጣን ሴት ነበረች። ስትናገርም ቃል አታባክንም።

መስከረም መባቻ ላይ አባቴ ይዞኝ ሄደና ደጇ ላይ ቆመው ተነጋገሩ።

«ትምህርቱ ከገባት ትቀመጥ» አለ አባቴ። «ኅዳር ላይ እመጣለሁ። እናቷም እስከዚያ ትወልዳለች። ካልገባት ይዣት እሄድና ሕፃኑን ታዝላለች።»

«እኔ ዘንድ ሥራ ፈት የለም» አለች እታለም። «ጓሮዬን ትጠብቅ። ዱባዬን ከጠበቀች ራትም መኝታም አላት።»

እኔ መካከላቸው ቆሜያለሁ፤ አንዳቸውም ዝቅ ብለው አላዩኝም። ያም ሆኖ ነገሩ ገብቶኛል። ትምህርት ቤት ለመቆየት ሁለት ነገር ያስፈልገኝ ነበር፤ ትምህርቱ እንዲገባኝና ዱባው እንዲደርስ።

እታለም በዱባዋ የታወቀች ነበረች። ጓሮዋ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የሚዋሰን፣ ጥቁር አፈር ያለው፣ ትንሽ ቦታ ነው። ዓርብ ገበያ ሲቆም የእሷ ዱባ ከሁሉ ቀድሞ ያልቃል። የእኔ ሥራ ጠዋት ከሥሩ አመድ መበተን፣ ፍሬው ርጥብ መሬት ነክቶ እንዳይበሰብስ ገለባ ማንጠፍና ዓርብ ዓርብ ከየገጠሩ የሚመጡት አህዮች አጥሩን እንዳይጥሱ መጠበቅ ነበር። ይህ ሁሉ ቀላል ነው። የከበደኝ ሕጉ ነው።

«ዱባ በጣት አይጠቆምም» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን። «አበባውም ፍሬውም። ጣት ከተቀሰረበት ይጠወልግና ይረግፋል።»

«ታዲያ በምን ላሳይ?»

«በአገጭሽ። አለዚያም ጣትሽን አጥፈሽ በጭብጥሽ።»

«ስቼ በጣቴ ባሳየውሳ?»

«ጣትሽን ትነክሽዋለሽ። የጥርስሽ ምልክት እስቲታይ ድረስ።»

መቁጠርም ክልክል ነበር። ስለዚህ ያን ዓመት ስንት ፍሬ እንደነበረ ዛሬም ልነግራችሁ አልችልም። ብዙ ነበር።

ሕጉ የእታለም ብቻ አይደለም፤ እናቴም ታውቀዋለች፣ አገሩም ያውቀዋል። በእታለም ቤት ግን እንደ ጾም የጠበቀ ነበር። እኔ ደግሞ ልጅነቴን ጨምሬበት አሰፋሁት። ዱባ በጣት ከረገፈ ጫጩትስ? ጥጃስ? የጎረቤት ሕፃንስ? አንዱንም እንዳላጠፋ ብዬ እጄን ጨብጬ መሄድ ለመድኩ። የሰፈሩ ሴቶች «ይች ልጅ ምን ይዛ ነው?» እያሉ እታለምን ይጠይቋት ነበር።

የክፍላችን አስተማሪ ጋሼ ግርማ ይባላል። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣ ከናዝሬት ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ፀጉሩ ጎፈሬ፣ ሱሪው ከታች ሰፍቶ ጫማውን የሚሸፍን። ጠዋት ተሰልፈን፣ ባንዲራ ሰቅለን፣ መፈክር አሰምተን ከገባን በኋላ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛ ነበር። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እንግሊዝኛ የሚባል ሰው ይመጣል ብዬ ነበር የምጠብቀው። ሦስተኛ ክፍል ስትገቡ እንግሊዝኛ ይገባል ሲሉን ሰምቻለኋ።

የገባው ግን ጋሼ ግርማ ራሱ ነው። ጠመኔውን አስቀመጠና በጣቱ እግሩ ሥር ያለውን ወለል እያሳየ «ሂር» አለ። እኛም «ሂር» አልን። እዚህ ማለት ነው አለን። ቀጥሎ ክንዱን ዘርግቶ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ እያሳየ «ዜር» አለ። እዚያ ማለት ነው።

ክፍሉ ያለው አንድ መስኮት ብቻ ነው። መስኮቱ የሚያሳየው ደግሞ የእታለምን ጓሮ ነው።

«ሁላችሁም እጃችሁን ዘርጉ! ዜር!»

«ዜር!» ከስልሳ በላይ ነበርን። ስልሳ ጣት በአንድ ጊዜ ዱባው ላይ ተቀሰረ። እኔ እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ። «ሂር!» ሲል ጣቱ ሁሉ ወደ ወለሉ ይመለስና ትንሽ እተነፍሳለሁ፤ «ዜር!» ሲል እንደገና ዱባው ላይ። ያን ቀን ሃያ ጊዜ ያህል ተባለ። በማግሥቱም፣ በሠልስቱም።

ልጆቹ ሕጉን አያውቁም ብላችሁ እንዳታስቡ። ሁሉም ያውቃሉ። ዱባው ግን የእነሱ አይደለም፤ አስተማሪው ደግሞ ዘርጉ ብሏል። እናቱ ዓርብ ዓርብ ከእታለም ጎን ተቀምጣ ዱባ የምትሸጥ አንድ ልጅ ነበር። እሱማ በሁለቱም እጁ ነበር የሚቀስረው።

በልጅ አእምሮዬ አሰብኩበት። አማርኛ በአገጭ ይበቃዋል፤ ከንፈርን ሾል አድርጎ አገጭን ማንሣት ነው፣ አለቀ። እንግሊዝኛ ግን ጣት ካልተቀሰረበት ቃሉ የማይሞላ ቋንቋ ነው ብዬ ደመደምኩ። ፈረንጅ አገር ዱባ እንደማይበቅልም ያኔ ገባኝ። አገር ሙሉ ሰው ቀኑን ሙሉ እየቀሰረ እንዴት ይብቀል? ለፈረንጆቹ ከልቤ አዘንኩላቸው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዱባው መርገፍ ጀመረ። መጀመሪያ ሎሚ ያህል የነበሩት ትናንሾቹ ቢጫ ሆነው ወደቁ፤ ቀጥሎ የጭብጥ ያህሉ ከሥራቸው ለስልሰው ተገኙ። እታለም ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብላ ታያቸዋለች። አንድ ቀን ጠራችኝ።

«ጣትሽን አሳዪኝ።»

ዘረጋሁላት። አገላብጣ አየችው። የጥርስ ምልክት አልነበረበትም።

«አንቺ አይዶለሽም» አለች። «እንግዲህ የሰው ዓይን ነው።»

የማን ጣት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እንዴት ብዬ ልንገራት? ብነግራት ከትምህርት ቤት ታስቀረኛለች። ዱባዬን የሚያረግፍ ትምህርት ይቅርብሽ ማለቷ አይቀርም። ባልነግራት ዱባው ያልቃል፤ ዱባው ካለቀም እሄዳለሁ። በየትም ብዞር መጨረሻው የእናቴ ቤትና ሕፃን ማዘል ሆነብኝ። ራት እየበላሁ እንባዬ ይመጣና በርበሬው ነው እላለሁ።

ጋሼ ግርማ ደግሞ አንድ በአንድ ማስነሣት ጀመረ።

«ብርቄ፣ ዜር በይ።»

ተነሣሁ። ከንፈሬን አሹዬ አገጬን ወደ መስኮቱ አንሥቼ «ዜር» አልኩ።

«በእጅሽ።»

እጄን ከብብቴ አላወጣሁም።

«እጅሽን ያምሻል?»

«አያመኝም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ዘርጊያ!»

ጭብጤን አወጣሁለት። ክፍሉ ሳቀ። እሱም የምቀልድበት ስለመሰለው ቆጣ አለና ደብተሬ ላይ ዜሮ ጻፈ። ቃሉ አልገባትም ብሎ ከጎኑ አከለበት። በሦስት ሳምንት ሦስት ዜሮ ሞላኝ።

በሦስተኛው ዜሮ ቀን «አባትሽን ማነጋገር አለብኝ» አለኝ። «ቤታችሁ የት ነው? ሂር ነው፣ ዜር?»

ይህን ጥያቄ ማወቄን ማሳያ አደረግኩትና ደረቴን ነፍቼ «ሂር» አልኩት። አልዋሸሁም። በኛ አገር ጠዋት ተነሥተው ሄደው ለራት የሚመለሱበት ቦታ ሁሉ እዚህ ነው። እንግዳ ቢጠይቅም «እዚህችው ናት» ነው የሚባለው።

ጋሼ ግርማ ቅዳሜ ቁርሱን በልቶ፣ ሶሉ ስስ በሆነው የከተማ ጫማው ወደ አባቴ ቤት ወጣ። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል፤ ሁሉም በአገጩ እያሳየ «እዚህችው ናት፣ ይችን ዳገት ብቻ ውጣ» ይለዋል። ያችን ዳገት ሲወጣ ሌላ ዳገት አለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ እግሩን ሲያይ ውሃ ቋጥሯል። እዚያም አንዲት ሴትዮ በእንስራዋ ውሃ እየቀዳች «አይዞህ፣ ደርሰሃል፤ ግማሹን መጥተሃል» ብትለው ተነሥቶ ወደ ኋላው ተመለሰ። ሰኞ ነጠላ ጫማ አድርጎ እያነከሰ ክፍል ገባ።

«ብርቄ፣ ተነሽ» አለ። «ያንቺ አገር ሂር አይደለም። ዜር ነው። ከዜርም ወዲያ ዜር ነው።»

ያን ቀን አልተቆጣም፤ እንዲያውም ራሱን ይዞ ይስቅ ነበር። እኔም ትልቅ ነገር ተማርኩ። እዚህ ማለት በእግረኛው ጫማ የሚለካ ነገር ነው። ከሁሉም ይልቅ ደስ ያለኝ ግን አባቴ ስለ ዜሮዎቹ ሳይሰማ መቅረቱ ነበር።

ዱባውን ለማዳን የቻልኩትን ሞከርኩ። አንድ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ገብቼ የመስኮቱን መዝጊያ ዘጋሁና በእንጨት ቀረቀርኩት። ጋሼ ግርማ ሰሌዳው አልታየውም፤ ከፈተው። በሌላ ቀን ትምህርቱ እንዲቋረጥ ብዬ ሆዴን አመመኝ አልኩ፤ እኔ ብወጣም ስልሳው ጣት ክፍል ውስጥ ቀረ። የአንድ ልጅ እጅ ወደ ታች ስቤ ይዤ ተጣላን። ሌላ ዘዴ አልነበረኝም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ በዓርብ ቀን፣ እታለም ለገበያ የምትወስደውን ልትለቅም ጓሮ ገብታ ኖሯል። እኛ «ዜር!» ስንል ቀና አለች። መስኮቱ ጣት ብቻ ነበር። ከተቀመጥኩበት ሆኜ ፊቷን አየሁት። ማጭዷን እንደያዘች አጥሩን ዞራ መጣችና በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«እንደምን አደርክ፣ ልጄ» አለችው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ነበር፣ እናቴ?»

«ምን በድዬህ ነው?»

«አልገባኝም።»

«ይህን ሁሉ ልጅ ዱባዬ ላይ ታስቀስራለህ። ወር ሙሉ ሲረግፍብኝ የቡዳ ዓይን መስሎኝ ያላማሁት ጎረቤት የለም። ለካ ከትምህርት ቤት ኖሯል።»

ጋሼ ግርማ ሳቀ። አብሮት የሳቀ ግን አልነበረም፤ ስልሳ ልጅ አንገቱን ደፋ። እሱም ዞር ዞር ብሎ አየንና ሳቁን አቆመ።

«ይህን ነገር እናንተም ታውቁ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ» አልን በአንድ ድምፅ።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ «እርስዎ ዘርጉ አሉና» አለችው።

ጋሼ ግርማ ወደ እኔ ዞረ። «ብርቄ፣ ለዚህ ነው እጅሽን ያልዘረጋሽው?» አለኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። የወር ሙሉ ልቅሶ ነበርና ቶሎ አላቆመም።

«እናቴ፣ ዱባ በጣት አይረግፍም» አላት በለሰለሰ ድምፅ። «ዝናቡ ዘንድሮ አልወጣ ብሎ ቆየ፤ እሱ ነው ያበሰበሰብዎት።»

«ይሆናል» አለች እታለም። «አንተ የተማርክ ነህ፣ አልከራከርህም። ብቻ ጣቱ ለምን ከኔ ላይ ይሆናል? ትምህርቱን ወዲያ አዙርልኝ።»

«ወዴት ላዙረው?»

በአገጯ በክፍቱ በር በኩል ማዶ ያለውን ገደል አሳየችው። «ወደዚያ። ድንጋይ ነው፣ ምንም አይሆንም።»

ጋሼ ግርማ ጠመኔውን በእጁ እያሽከረከረ አሰበ። እኔ እስክሞት ድረስ የማከብረው ለዚያች ለቀጠለችው ነገር ነው። ሊከራከር፣ ስለ ሳይንስ ሊያስረዳ፣ ስለ ኋላቀር ልማድ መፈክር ሊያሰማን ይችል ነበር፤ የዘመኑም ወግ እሱ ነበር። እሱ ግን «ዙሩ» አለን። አግዳሚዎቹን እያንጓጓን ሁላችንም ፊታችንን ወደ በሩ አዞርን።

«ብርቄ፣ አንቺ ጀምሪ።»

ብብቴ ውስጥ የከረመውን እጄን አውጥቼ ዘረጋሁት። ጣቴን ገደሉ ላይ ቀሰርኩና «ዜር!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ ስለነበር ከገበያው ሰዎች ዞረው ያዩኝ መሰለኝ። ስልሳው ተከተለኝ። ጋሼ ግርማ ደብተሬን ተቀብሎ ዜሮዎቹን በቀይ ሰረዛቸውና ከአሥር አሥር ጻፈልኝ። እታለም ማጭዷን ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ጋሼ ግርማ አዲስ ነገር ሊያስተምረን ሲል አስቀድሞ «በእናንተ አገር ይህ ነውር አለው?» ብሎ ይጠይቀን ጀመር። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት እሱ ነው።

ጓሮውን ግን ማዳን አልተቻለም። ከብዙው ውስጥ የተረፈው፣ ብቆጥረው ኖሮ፣ የአንድ እጅ ጣት አይሞላም ነበር። እታለም የተረፈውን ሸጠች፣ ሐረጉን ነቅላ ለጎረቤት ላም ሰጠች፤ አንድ ቀን እንኳ አላነሣችብኝም። እኔ ግን ኅዳር ከገባ ጀምሮ፣ ቀኑ በገፋ ቁጥር፣ በር በር አያለሁ።

አባቴ በዓርብ ቀን አህያውን እየነዳ መጣ። እናቴ ወንድ ወልዳለች። ደስ ብሎታል፣ ደክሞታልም። በመጀመሪያ ጋሼ ግርማ ጋ ሄዶ ጠየቀ፤ «ልጅዎ ጎበዝ ናት፤ አገርዎ ግን ሩቅ ነው» አለው። አባቴ «ምን ሩቅ ነው፣ እዚህችው ናት እንጂ» ብሎ ተገረመ። ይህ አለፈልኝ ብዬ ሳልጨርስ ወደ እታለም ጓሮ ዞሮ ባዶውን መሬት አየ።

«ዱባሽ የታል?»

«ረገፈ» አለች እታለም።

አባቴ በትሩን ተደገፈ። «እንግዲያ ስምምነታችን ዱባ ልትጠብቅልሽ ነበር። ካልጠበቀችልሽ ለምን በከንቱ ትቀልቢያታለሽ? እናቷ አራስ ናት፣ ብቻዋን ናት። ልውሰዳት።»

ልክ ነበር የተናገረው። እኔም አውቄው ነበርና ደብተሬንና ቀሚሴን በነጠላ ቋጥሬ ማዕዘኑ ላይ አስቀምጫለሁ። እታለም ትምህርት ቤቱ ነው ያረገፈብኝ ብትለው ነገሩ እዚያው ይቆረጥ ነበር። ጠበቅሁ። አላለችውም። ቋጠሮዬን አየች፤ ከዚያ እሱን አየች።

«ዱባ ለከርሞም ይተከላል» አለችው። «ይችን ግን ዛሬ ከወሰድሃት ለከርሞ አላገኛትም። ድረሃት ነው የምትቆየኝ።»

አባቴ አይዶለም አላለም። መሬት መሬት አየ። እኔ ያን ጊዜ ነው እንዲህ ያለ ነገር ታስቦልኝ እንደነበር ያወቅሁት። ቀስ ብሎ «እናቷስ?» አለ።

«ክርስትናው እስቲደርስ እኔ አለሁላት። እኔ አዝለዋለሁ፣ እኔ እፈጫለሁ። የምጠብቀው ዱባም የለኝ።»

ዕለቱን ቤቷን ዘግታ ቁልፉን ሰጠችኝ፤ ራትና መኝታዬን ለጎረቤታችን አደራ አለች። ልጅ አዝላ የማታውቅ ሴት፣ አንቀልባ ከሰው ተውሳ በትከሻዋ ጣል አድርጋ ከአባቴ ኋላ ተከተለች። ዳገቱን ሲወጡ ቆሜ አየኋቸው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እንደዚያ ቀንም አፍሬ አላውቅም፤ የሄደችው በእኔ ፈንታ ነበርና። ሰኞ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ክፍል ገባሁ።